ትዳር ላይ ሆኖ ሌላ ሰው መውደድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ መማገጥ ብዙ ተብሏል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ግን ከዚያ በፊት ስላለው ነገር፣ ልብ ስለ መሸፈቱ ናቸው። ሰው ፊት ደፍሮ የሚጠይቃቸው ጥቂት ነው፤ ብቻውን ሲሆን የማይጠይቃቸውም ጥቂት ነው።

ባለትዳር ሆኜ ሌላ ሰው ወደድኩ። በዚህ ብቻ በደለኛ ነኝ?

ስሜቱ ስለ መጣብዎ አይደሉም። ከመጣ በኋላ ባደረጉት ነገር ግን ሊሆኑ ይችላሉ፤ እሱም ብዙ ሰው ከሚገምተው በጣም ቀደም ብሎ ይጀምራል።

አማርኛ ራሱ ልዩነቱን ያውቀዋል። ጉንፋን ያዘኝ፣ እንቅልፍ ያዘኝ፣ ዝናብ ያዘኝ እንደምንለው «ፍቅር ያዘኝ» እንላለን። እዚህ ላይ አድራጊው ፍቅሩ ነው፤ እኛ ተያዦች ነን። «ወደድኳት»፣ «ወደድኩት» ስንል ግን አድራጊዎቹ እኛ ነን። ሁለቱም አነጋገሮች እውነት ናቸው፤ የሚለያያቸው ጊዜ ነው። መጀመሪያ ፍቅሩ ይይዝዎታል፤ ቆይቶ እርስዎ ይይዙታል። የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚነሣው ሁለተኛው ላይ ነው። ችግሩ አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር የሚደወል ደወል የለም።

ፍቅር ይሁን ሌላ ነገር በምን አውቃለሁ?

በአንድ ቃል የምንጠራቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ በሳምንቱ የሚረሳበት መሳብ አለ። የሥጋ ምኞት አለ። በ1979 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዶሮቲ ቴኖቭ የተባለች የሥነ ልቦና ምሁር «ሊመረንስ» የሚል ስም የሰጠችው ደግሞ አለ፤ ቀን ሌሊት ስለ አንድ ሰው ማሰብ፣ ከእያንዳንዱ ቃሉ ትርጉም መፈለግ፣ እሱም ይወደኝ ይሆን በሚል ጥያቄ መንገብገብ። ከእነዚህ የሚለየው የሰውየውን ደህንነት ለራሱ ለሰውየው ሲባል መፈለግ ነው።

ቀላል መፈተኛ አለ። ያ ሰው እርስዎ በሌሉበት፣ ከሌላ ሰው ጋር፣ በጣም ደስተኛ ሆኖ እንደሚኖር ያስቡ። ዜናው ትንሽ ቢያሳዝንዎትም ደስ ካለዎት ፍቅር የሚባል ነገር አለ። ምድር የከዳችዎት ከመሰለዎት ግን አብዛኛው ሊመረንስ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተደባልቀው ይገኛሉ።

በፈቃዴ ባልመጣ ነገር እንዴት እጠየቃለሁ?

ጥያቄው የቆየ ነው። አርስቶትል ሰው ስለ ተቆጣ ወይም ስለ ፈራ ብቻ አይመሰገንም፣ አይወቀስምም ይላል፤ የሚመዘነው ስሜቱን በያዘበት አኳኋን ነው። እዚያ ላይ ግን አያቆምም። የተወረወረ ድንጋይ አይመለስም፤ መወርወሩ ግን በእጃችን ነበር። የሐኪሙን ምክር ንቆ ራሱን ለበሽታ የዳረገ ሰውም «ልዳን» ስላለ ብቻ አይድንም፤ ከመታመሙ በፊት ግን ምርጫ ነበረው። ስድስት ወር ሙሉ በየማታው ሲጻጻፍ የከረመ ባለትዳር «ፍቅር በፈቃዴ አልመጣም» ሲል የሚናገረው ግማሹን ነው። የዛሬው ስሜት በፈቃዱ ላይሆን ይችላል፤ መቶ ሰማንያው ማታ ግን በፈቃዱ ነበር።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በሌላ በኩል ይመጣል። በ1785ም ሆነ በ1797 ባሳተማቸው ሥራዎቹ እንደሚለው፣ ፍቅር ስሜት እስከሆነ ድረስ በትእዛዝ አይገኝም፤ ሊታዘዝ የሚችለው ተግባር ነው። ከዚህ ተነሥተን ስለ ትዳር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ማለት እንችላለን። በሠርግ ቀን የተሰጠው ቃል የስሜት ቃል ሊሆን አይችልም። «ልቤ ሁልጊዜ ባየሁሽ ቁጥር ይመታል» ብሎ ቃል የገባ ሰው በእጁ የሌለውን ሰጠ ማለት ነው። መስጠት የሚችለው አብሮ መኖርን፣ ታማኝነትን፣ እንክብካቤን፣ እውነት መናገርን ነው። ስለዚህ ስሜቱ ስለቀዘቀዘ ቃሉ አልፈረሰም፤ ልብ ወደ ሌላ ስለተሳበም ገና አልፈረሰም።

የሚከብደው መልስ የሮበርት አዳምስ ነው። ይህ አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1985 ባወጣው ጽሑፍ ሰው ባልመረጠው የልብ ሁኔታም ሊወቀስ ይችላል ብሎ ተከራክሯል። ምቀኝነትን ወይም ሰው መናቅን ማንም ተቀምጦ አይመርጥም፤ ያለበትን ሰው ግን እንወቅሳለን። ይህን ክርክር ወደ ትዳር ስናመጣው የሚነካው ሌላውን መውደድ ሳይሆን አብሮት ሾልኮ የሚገባውን፣ ባለቤትን በልብ ማቃለልን ይመስለናል። ሌላ ሰው መውደድ ብቻውን ለባለቤት የሚያጎድለው ነገር ላይኖር ይችላል። ባለቤት ሲያወራ «መቼ በጨረሰ» እያሉ መመልከት ግን ቃል ባይወጣውም በደል ነው። ባለቤትም ያውቀዋል፤ ምክንያቱን አያውቅም እንጂ።

ሃይማኖት የልብ ምኞትን ራሱን ይኮንን የለም እንዴ?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የማቴዎስ ወንጌል 5፥28 ነው፤ ወደ ሴት አይቶ የተመኛት በልቡ አመንዝሯል የሚለው። የግሪክኛው አነጋገር ግን ዓላማን ያመለክታል፤ ይመኛት ዘንድ የሚያይ እንደ ማለት። ዓይኑ ድንገት ያረፈና ሊመኝ ብሎ የሚያይ አንድ አይደሉም። የጥንቱ የክርስትና ሊቅ አውግስጢኖስ ይህንኑ ክፍል ሲያብራራ ሦስት ደረጃዎችን ይለያል፦ ሐሳቡ መምጣቱ፣ በሐሳቡ መደሰት፣ ለሐሳቡ እሺ ማለት። ኃጢአቱ የሚሞላው በሦስተኛው ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤዋግርዮስም ክፉ ሐሳቦች ነፍስን ማወካቸው በእጃችን አይደለም፣ መሰንበታቸው ግን በእጃችን ነው ብሏል።

የነቢዩ ሙሐመድን ንግግሮች የሰበሰቡት ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ አላህ ሰዎች በውስጣቸው ለሚያንሾካሹኩት ነገር፣ እስካልሠሩት ወይም እስካልተናገሩት ድረስ፣ ይቅር እንዳለ ተነግሯል። ቁርኣን 17፥32 ላይ የተከለከለው ዝሙትን መቅረብ ነው፤ መንገዱም ተጨምሯል ማለት ነው። 4፥129 ከአንድ በላይ ሚስት ያለው ሰው ምንም ቢጥር በመካከላቸው ማስተካከል እንደማይችል ይናገራል፤ የቁርኣን ተንታኞች ይህ ስለ ልብ ፍቅር ነው ይላሉ። የሚከተለው ትእዛዝ ግን አንደኛዋን ተንጠልጥላ እንድትቀር አታድርግ የሚል ነው። ልቡን ሳይሆን አያያዙን ይጠይቀዋል።

ከሁሉም ለተግባር የሚቀርበው የ12ኛው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ ሊቅ ኢብን ዕዝራ ነው። «የባልንጀራህን ሚስት አትመኝ» የሚለውን ትእዛዝ ሲያብራራ፣ ሰው የሚያምረውን ነገር በልቡ እንዴት አለመመኘት ይችላል የሚለውን ጥያቄ ያነሣል። መልሱ ምሳሌ ነው። አእምሮው የተስተካከለ የገጠር ሰው የንጉሥ ልጅ ቆንጆ መሆኗን ያያል፤ አብሯት ለመተኛት ግን አይመኝም፤ እንደ ወፍ ክንፍ እንዲኖረው እንደማይመኝ ሁሉ። የማይሆን መሆኑን ያውቃላ! ምኞት የሚበላው ተስፋን ነው ማለቱ ነው። ምሳሌውን ልብ ይበሉልን፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ወደ በደል የሚሻገረው መቼ ነው?

ሸርሊ ግላስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ የተጠቀመችበት ምስል አለ፤ መስኮትና ግድግዳ። በጤነኛ ትዳር በባልና በሚስት መካከል መስኮት፣ በእነሱና በውጭው ሰው መካከል ግድግዳ ይኖራል። ልብ ሲሸፍት ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። የቤቱ ጉዳይ ለውጭው ሰው ይታያል፤ የውጭው ጉዳይ ለቤቱ ይሸፈናል።

ከምልክቶቹ ሁሉ የማይሳሳተው ምንም ነውር የሌለበትን መልእክት መሰረዝ ነው። «ደህና ደርሰሻል?» የሚል መልእክት ከተሰረዘ የሚደበቀው ቃሉ ሳይሆን ግንኙነቱ ነው። ሁለተኛው የስሙ ነገር ነው። የዚያ ሰው ስም መጀመሪያ ቤት ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል፤ ከዚያ አንድ ቀን ድርግም ይላል። የጠፋበት ቀን ሰውየው ራሱ የገባው ነገር አለ። ሌሎችም አሉ፦ ስለ ባለቤት ለዚያ ሰው ማማረር፤ ጥሩ ወሬ ሲገኝ መጀመሪያ ለእሱ መደወል፤ የሚገናኙበት ቀን ልብስ መምረጥ፤ ከቤት መውጫ እንዲሆን ጠብ መፈለግ።

አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ባለቤቴ ትከሻዬ ላይ ሆኖ ይህን ቢያነብ የምቀይረው ቃል አለ?

ለምን በደል ይሆናል? ያልነካኩት ሰው ጉዳት የት አለ? ባለቤትዎ በየቀኑ ውሳኔ ይወስናል። ልጅ ይጨመር፣ ብድር ይወሰድ፣ ሥራ ይለቀቅ፣ ከወላጅ ይራቅ እያለ። ይህን ሁሉ የሚወስነው አለኝ ብሎ በሚያምነው ትዳር ላይ ቆሞ ነው። የትዳሩን ሁኔታ ደብቀው ሲያስወስኑት የሚወስዱበት ነገር የሕይወቱን ምርጫ ነው። ይህ ያለ አንድ መሳሳምም ይፈጸማል። ሦስተኛውን ሰውም አይርሱ፤ በማይመጣ ነገር ተስፋ እየተሰጠው ዓመታቱ የሚያልፉበት ሰው እሱም ተበዳይ ነው።

ባለቤቴን ብወድ ኖሮ ሌላ ሰው አልወድም ነበር?

እንዲህ ብሎ መደምደም የተለመደ ነው፤ ብዙ ትዳርም ያለ አግባብ አፍርሷል። ሰው በቅርብ የሚያገኘውን፣ ደጋግሞ የሚያየውን ይወዳል። ሮበርት ዛየንስ በ1968 ባሳተመው ጥናት አንድን ነገር ደጋግሞ ማየት ብቻ መውደድን እንደሚጨምር አሳይቷል። በ1974 ዶናልድ ደተንና አርተር አሮን በካናዳ ካፒላኖ በሚባለው ከፍ ያለና የሚወዛወዝ የገመድ ድልድይ ላይ የተሻገሩ ወንዶችን አንዲት ሴት መጠይቅ እንድታስሞላቸውና ስልኳን እንድትሰጣቸው አደረጉ። በኋላ የደወሉላት ዝቅ ያለውን ጽኑ ድልድይ ከተሻገሩት ይልቅ እነዚህ በዙ። ፍርሃቱ ያስመታውን ልብ ለሴቲቱ ሰጡት። ቀነ ገደብ ያለበት ሥራ፣ የሌሊት ተረኝነት፣ የጋራ ችግር እንደዚያ ድልድይ ናቸው።

በዚያ ላይ ንጽጽሩ ሚዛን የለውም። ሮበርት ስተርንበርግ በ1986 ፍቅርን ቅርርብ፣ ግለትና ቁርጠኝነት ብሎ በሦስት ከፍሎታል። ከውጭው ሰው ጋር ግለቱ ይንቀለቀላል፣ ቅርርቡ ይጀምራል፣ ቁርጠኝነቱ ግን አልተፈተነም፤ ሰውየው የታመመ ልጅ ይዞ ሌሊት ሲነቃ፣ ገንዘብ ሲጠፋ አላዩትም። ከባለቤት ጋር ግለቱ ይቀዘቅዛል፤ የቀሩት ሁለቱ ግን እንደ ቤት መሠረት ጥልቅ ስለሆኑ አይታዩም።

ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መውደድ ይቻላል። ይህን መካድ ሰውን ወደ ውሸት ይገፋዋል፤ «ሌላ ሰው ወድጃለሁ፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ፍቅር አልነበረም» እያለ የሃያ ዓመት ትዳሩን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ይጽፈዋል።

ስንት ጊዜ ይቆያል?

ቴኖቭ በአብዛኛው ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ብላለች። ግን እንደ ቀለቡ ነው። ቀለቡ ጥርጣሬ የተቀላቀለበት ተስፋ ነው፤ አንድ ቀን ሞቅ ያለ መልእክት፣ ሦስት ቀን ዝምታ፣ እንደገና ሞቅ ያለ። ቁርጥ ያለ እምቢታም ሆነ የተሟላ አብሮ መኖር ስሜቱን ያበርደዋል። በመካከል የተንጠለጠለ ግንኙነት ግን ለዓመታት ሊያነደው ይችላል። «እንደ ጓደኛ እንቀጥል» የሚለው ስምምነት ብዙ ጊዜ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ከልቤ ላወጣው እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?

«አላስበውም» ብሎ በመታገል አይጀምሩ። ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ በ1987 ሰዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡ ደወል እንዲደውሉ ጠየቋቸው። ደወሉ ደጋግሞ ተደወለ። በኋላ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተነገራቸው ሰዎች የበለጠ አሰቡ። የታገደ ሐሳብ በመስኮት ይመለሳል።

የሚቆረጠው ተስፋው ነው፤ የኢብን ዕዝራ ገበሬ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። በወረቀት ላይ፣ በራስዎ እጅ «ይህ አይሆንም» ብለው ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፉ። «አሁን አይሆንም»፣ «ልጆቹ ሲያድጉ ይታያል» ብለው ከጻፉ አልቆረጡም፤ ቀጠሮ ሰጥተዋል።

ከዚያ መገናኛውን ይዝጉ። የስንብት ቀጠሮ አያድርጉ። ስንብት ከሁሉም የሚሞቀው ቀን ነው፤ ብዙ ሰው ጉዳዩ ሊያልቅ በተቀጠረበት ቀን ነው መስመሩን ያለፈው። አጭር መልእክት ይበቃል፦ «ከእንግዲህ ከሥራ ውጭ አልጻፍም፤ እባክህ አንተም እንዲሁ አድርግ።» ማብራሪያ የለም፤ «እወድሃለሁ ግን» የለም። ፎቶውንና የሚለጥፈውን ማየትም መገናኘት ነው። አልፎ አልፎ ማየት እንዲያውም ይብሳል፤ አንዳንዴ ብቻ የሚከፍል የቁማር ማሽን ሰው አጥብቆ እንደሚይዝ ሁሉ።

የሥራ ባልደረባ ከሆነ ፈጽሞ መራቅ ላይቻል ይችላል። ያን ጊዜ ደንቡ ጠባብ ይሁን፦ በሥራ ሰዓት ብቻ፣ ስለ ሥራ ብቻ፣ ከተቻለ ሦስተኛ ሰው ባለበት ወይም ሌላም ሰው በሚያየው የጽሑፍ መስመር። ለሁለት ምሳ የለም፤ አብሮ በአንድ መኪና መሄድ የለም። ከሦስት ወር በኋላም ልብዎ እንደ መጀመሪያው ከሆነ የክፍል ለውጥ መጠየቅ ማጋነን አይደለም።

ሐሳቡ ሲመጣ «መጣ» ይበሉት፤ ወደ ያዙት ሥራ ይመለሱ። በቀን አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ለ15 ደቂቃ ብቻ ስለ እሱ መጻፍ ይቻላል። ከሰዓቱ ውጭ ከመጣ «በሰዓትህ» ይባላል። የተከለከለው ድርሰት ማድረግ ነው። በመኝታ ሰዓት «ብንገናኝ እንዲህ ትለኛለች፣ እኔም እንዲህ እላለሁ» እያሉ መቀጠል አውግስጢኖስ ካለው ሁለተኛ ደረጃ ወደ ሦስተኛው መራመድ ነው።

መጨረሻ ላይ የሚያስፈልገው ጥያቄ ያ ሰው ምን ሰጠኝ የሚለው ነው። አብዛኛው መልስ ስለ ሰውየው አይደለም። «ሲያዳምጠኝ ብልህ እሆናለሁ»፣ «ከእሷ ጋር ስሆን እስቃለሁ» የሚል ነው፤ የናፈቁት የጠፋ ማንነትዎን ነው። ይህን ወደ ቤት ማምጣት ይቻላል። ስልክ በሌለበት በቀን 20 ደቂቃ መነጋገር፤ ስለ ልጆችና ስለ ወጪ ያልሆነ። በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለታችሁም ያልሞከራችሁትን ነገር መሞከር። ይህ ባዶ ምክር አይደለም፤ ያው የድልድዩ አርተር አሮን በ2000 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት አዲስና ቀስቃሽ ሥራ አብረው የሠሩ ጥንዶች ስለ ግንኙነታቸው ያላቸው ስሜት መሻሻሉን አሳይቷል፤ የሥራው ርዝመት ሰባት ደቂቃ ብቻ ነበር። ፍርሃትና ጉጉት ለውጭ ሰው ልብ የሚያስመታ ከሆነ ለባለቤትም ያስመታል።

የሚበላሸው የት ነው? የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚብሱ ሰው «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ሰበብ ነው፤ የልደት ቀን፣ ለቅሶ፣ በስህተት የሄደ መልእክት።

ለባለቤቴ ልንገር?

እንደ ደረሰበት ነው። መጥቶ የሄደ፣ ምንም ያልተሠራበት ስሜት ከሆነ ሆድ ይፍጀው ማለት ፍርሃት አይደለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እርስዎ በአንድ ማታ የተገላገሉት ነገር በሌላው ራስ ውስጥ ዓመታት ይኖራል። ኅሊናን ለማቅለል ብቻ የሚደረግ ኑዛዜ ሸክም ማዛወር ነው።

መናገር የሚገባው ግን፣ ዋሽተው ከነበረ፤ ግንኙነቱ ከቀጠለና ብቻዎን ማቆም ካልቻሉ፤ ባለቤትዎ ትልቅ ውሳኔ ሊወስን ከሆነ፤ የአካል ግንኙነት ከነበረ (ያን ጊዜ የጤና ምርመራም ግድ ነው)። በቀጥታ ከተጠየቁ ደግሞ አይካዱ። ሰው ከደረሰበት ጉዳት ይልቅ «አበድኩ እንዴ?» እያለ ራሱን የጠረጠረበት ጊዜ ይበልጥ ይጎዳዋል።

ሲናገሩ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ይናገሩ። ትልቁ ስህተት ማንጠባጠብ ነው፤ ዛሬ «ጓደኛዬ ነች»፣ በሳምንቱ «ትንሽ ወድጃት ነበር»፣ በወሩ «ሁለት ጊዜ ተገናኝተናል»። በእያንዳንዱ ጠብታ ባለቤት እንደ አዲስ ይቆስላል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱ ሲያልቅ እንኳ ያለቀ አይመስለውም። ሌሊት፣ ልጆች በሚሰሙበት፣ መጠጥ ተወስዶ አይነገርም። ማን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ተደረገ፣ አሁን ምን ላይ ነው፣ ለማቆም ምን አድርጌያለሁ፤ እነዚህ ይነገራሉ። የዚያ ሰው መልክና ውበት፣ ከባለቤት ጋር ማነጻጸር፣ «አንቺ ስላልሰማሽኝ ነው» የሚለው ክስ አይነገርም። የቤቱ ችግር እውነት ከሆነ ሌላ ቀን አለው።

ባለቤትዎ የሚመታ ሰው ከሆነ ይህ ምክር አይሠራም። ብቻዎን ከእሱ ጋር ሆነው አይናገሩ።

ለወደድኩት ሰውስ?

አይናገሩ። «አውቆት ቢሄድ ይቀለኛል» የሚለው ሐሳብ ተስፋ በሌላ ልብስ ሲመጣ ነው፤ በውስጡ «ምናልባት እሱም...» የሚል አለ።

ልቡ የሸፈተው ባለቤቴ ነው። ምን ላድርግ?

የእርስዎ ጉድለት ምልክት አድርገው አይውሰዱት፤ ከላይ እንዳልነው ስሜት በብዙ በር ይገባል። መጠየቅ ያለበት ስሜቱ ሳይሆን ተግባሩ ነው። «ትወዳታለህ ወይስ አትወዳትም?» ብሎ መሞገት መልስ የለውም፤ ባለቤትዎ ራሱ ላያውቀው ይችላል። «ግንኙነቱ ቆሟል? በምን አውቃለሁ? ሥራ ላይ ስትገናኙ ደንቡ ምንድን ነው?» የሚሉት ግን መልስ አላቸው። ለተወሰነ ጊዜ፣ ሦስት ወር እንበል፣ ስልክና የመውጫ ሰዓት ግልጽ እንዲሆን መጠየቅ ፍትሐዊ ነው። ለዘላለም ከሆነ ግን ትዳሩ ጥበቃ ይሆናል። ተደብቆ ስልክ መበርበር ያገኙትንም ያላገኙትንም ያበላሻል፤ ባዶ ካገኙ «ሰርዞት ነው» ይላሉ። ወደ ሦስተኛው ሰው ሄዶ መጣላት የተዘጋውን በር ይከፍታል፤ በደለኛውንም ተከላካይ ያደርገዋል።

ትዳሬ ዱላና ስድብ ነው። ደግ ሰው አግኝቼ መውደዴ ስህተት ነው?

ያ ስሜት ሰው መሆንዎን የሚነግር ነው። የሚመታ ሰው በዱላው ራሱ ቃሉን አፍርሷል፤ በዚህ ሁኔታ የታማኝነት ሒሳብ እንደ ሌላው ትዳር አይሰላም። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠብቅዎታል፤ መጀመሪያ ደህንነት፣ ከዚያ መለያየት፣ ከዚያ ሌላው። ከመውጣት በፊት ያለው ግንኙነት ሲታወቅ የሚመጣው አደጋ በእርስዎ ላይ ነው። ከዱላ ያወጣዎት ሰው ላይ መደገፍም ወደ ሌላ ጥገኝነት እንዳያስገባዎት ይጠንቀቁ።

ባለቤቴ አእምሮውን በሚነጥቅ ሕመም ከእኔ ተለይቷል። ልቤ ሌላ ቢፈልግ?

በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ የነበሩት ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በ2006 ከሥራ የወጡት በአልዛይመር የታመሙ ባለቤታቸውን ለመንከባከብ ነበር። በ2007 ባለቤታቸው በሚኖሩበት የእንክብካቤ ቤት ከሌላ ታማሚ ጋር ፍቅር መያዛቸው ተሰማ። ልጃቸው እንደተናገረው ኦኮነር አልተቆጡም፤ ባለቤታቸው ተረጋግተው በማየታቸው ደስ አላቸው። ታማሚው ማን እንደሆነ በማያውቅበት ጊዜ ክህደት የሚባል ነገር የለም።

የጤነኛው ወገን ይከብዳል፤ መልካም ሰዎችም በዚህ ይለያያሉ። የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ታማሚው የሚቀበለው እንክብካቤ፣ ጉብኝትና ክብር ካልተነካ፣ ልጆችም ካልተዋሹ፣ እንዲህ ያለውን ፍቅር ክህደት ብሎ መጥራት ይከብደናል። ገና የሚያውቅና የሚረዳ ታማሚ ከሆነ ግን ሕመሙ ሰበብ አይሆንም።

የሞተውን ባለቤቴን አሁንም እወዳለሁ፤ አዲሱን እየበደልኩ ነው?

አይደለም። ይህ የማንንም ድርሻ አይወስድም። ፎቶ መደበቅም አያስፈልግም፤ ማነጻጸሩን ብቻ ጮክ ብለው አይናገሩት። ከፈቱት ባል ወይም ሚስት ጋር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሰውየው በሕይወት አለ፣ ተስፋም አብሮ አለ።

ሁለታችንም ተስማምተን ብንፈቅድስ?

ቃልን ሊፈታ የሚችለው የተገባለት ሰው ነው፤ ስለዚህ ፈቃድ ካለ የክህደት ክስ አይኖርም። ሃይማኖታቸው ጋብቻን ከሁለቱ በላይ የሆነ ኪዳን የሚያደርግባቸው ሰዎች ይህን አይቀበሉም፤ ለእነሱ ሦስተኛ ባለ ቃል አለ። ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ እምቢ ቢል የሚያጣው ነገር አለ? «አለዚያ እፈታሻለሁ» ተብላ እሺ ያለች ሴት አልፈቀደችም። ፍቅሩ ከተጀመረ በኋላ የተጠየቀ ፈቃድም ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው።

ሕግ ይከሰኛል?

ለስሜት የትም አይከሰሱም። ማመንዘርን ወንጀል ያደርጉ ከነበሩት መካከል ደቡብ ኮሪያ በ2015፣ ሕንድ በ2018፣ ታይዋን በ2020 በፍርድ ቤት ውሳኔ ሕጋቸውን ሽረዋል፤ በሌሎች አገሮች ዛሬም ወንጀል ነው። የሚገርመው በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ያለው ነው፤ እዚያ የተከዳ ባለትዳር የትዳር ጓደኛውን ፍቅር ያራቀበትን ሦስተኛ ሰው በፍትሐ ብሔር ከሶ ካሣ መጠየቅ ይችላል።

ፈትቼ ብሄድስ?

ፍቺ አንዳንዴ ትክክል ነው። በዚህ እሳት ውስጥ ሆኖ የሚወሰን ፍቺ ግን አጠራጣሪ ነው፤ የሚነጻጸሩት አንድ ሙሉ ሕይወትና አንድ ተስፋ ናቸውና። ከዚያ ሰው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለበት ስድስት ወር ይስጡት። በዚያ ጊዜ ትዳሩን ለማደስ የሚሞከረውን ይሞክሩ፤ የሚያማክር ባለሙያ ካለም ይሂዱ። ከዚያ ይህን ጥያቄ ይመልሱ፦ ያ ሰው ነገ ወደ ሌላ አህጉር ቢሄድና ቢያገባ፣ እኔ አሁንም ይህን ትዳር እፈታዋለሁ? መልሱ አዎ ከሆነ የሚፈቱት በትዳሩ ምክንያት ነው፤ ለባለቤትዎም እውነተኛውን ምክንያት መናገር ይችላሉ። አይ ከሆነ ወይም «እንዲያ ከሆነማ...» ብለው ከቆሙ፣ ስድስቱ ወር ገና አላለቀም።